ባለ ላሟ ብስኩት በረቡዕ

«ረቡዕ ነው አይደል?» ትለኛለች ጎረቤቴ ሠርካለም፣ ክንዴን ይዛ መንገዱን እያሻገረችኝ። ነው እላታለሁ። «ጾም ነው አይደል?» እሱም ነው። «እንግዲያ እዚያ ምን ይሠራል?»

እዚያ ያለችው የእታለምን ሱቅ ነው። የሠርካለም ባል ደሞዝ የበግ ደላላ ነው። ከበግ ተራ ሲመለስ የራሱን ቤት አልፎ እታለም በረንዳ ላይ ቁጭ ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ስትጠይቀው ለብስኩት ነው ይላታል። እታለም ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ እዚያች በረንዳ ላይ ሻይ ታፈላለች፣ ከሻዩ ጋር ባለ ላሟን ትሸጣለች። መልኳን ደግሞ እኔ አልናገርም፤ ሠርካለም ሌት ተቀን ስትናገረው ነው የምትውል።

ባለ ላሟን የማያውቅ ሰቆጣ ውስጥ የለም። ትክክለኛ ስሙ መጠቅለያው ላይ በደማቁ ተጽፏል፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቢጫ ወረቀት ላይ አንዲት ቀይ ላም ቆማ ሰው ሰው ታያለች፣ በቃ፣ ባለ ላሟ ነው። የታመመ ሲጠየቅ እሱ ይያዛል። ከደሃና ወረዳ ለገበያ የመጣ ሰው እሱን ሳይቋጥር ወደ ልጆቹ አይመለስም። መጠቅለያውን ደርድረው ግድግዳቸውን ያስጌጡ ቤቶችም አሉ። በጾም ግን ማንም አይነካውም፤ ላም አለችበታ።

የሠርካለም ስሌት እንግዲህ ይኸው ነው። ብስኩቱ የፍስክ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ደሞዝ ሞቶ ይገኛል እንጂ ጾም አይገድፍም። ስለዚህ የሄደው ለብስኩት አይደለም። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ እንዲህ ጥርት ያለ ስሌት ግን የሒሳብ አስተማሪዬም አላሳየኝም። ይኸንኑ ብነግራት ብሶባት ክንዴን ጨመቀችው።

ስንደርስ ደሞዝ ብርጭቆውን ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ቢጫው መጠቅለያ ተከፍቷል።

ሠርካለም ቀጥ አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ለቄሱ ብናገር አያምኑኝም፦ ደስ አላት። ባሏ ጾም ገድፎ አገኘችውና እፎይ አለች። ስለ ነፍሱ በኋላ ይታሰባል።

እታለም ነች ያበላሸችው። ወተት የለበትም፣ ላሟ ለሥዕል ነው የገባችው አለች፣ ብርጭቆ እያጠበች። ሠርካለም የእሷን ቃል አልተቀበለችም። መጠቅለያውን አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ «አንብቢ፣ ማስተዋል። ሳታዳዪ።»

ጽሑፉ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። ወደ ብርሃኑ ዞሬ አነበብኩት። ዱቄት። ስኳር። የአትክልት ዘይት። ጨው። አንድ አፌ የማይዞርልኝ ነገር። ወተት የለም። ቅቤም የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ እዚያም ያለችው ላሟ ብቻ ናት። ስንት ዘመን ሁዳዴን ሙሉ የሸሸነው በከንቱ ነው አልኳቸው። የሳቀልኝ የለም።

ሠርካለም ደሞዝ ፊት ቆመች። አሁን እታለምን ትታት ብስኩቱን ነው የምታየው። እሷ በሌሊት ተነስታ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳ፣ ጠዋት ጠዋት ኪሱ የምትከትለት አምባሻ ምን አጉድሎበት ነው ወረቀት የለበሰ ነገር ደጅ የሚጠናው? ድምጿ ስትጀምር የጠብ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ቀጠነባት።

ደሞዝ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጣቱን ጉንጩ ላይ አደረገ። መንጋጋዎቹ ከፋሲካ ወዲህ አንድ በአንድ ረግፈዋል፤ የአምባሻው ቅርፊት አልቀመስ ብሎታል። እሷ የደከመችበትን መልሶ ለማምጣት ደግሞ አፈረ። እና የት አደረስከው አልኩት እኔ፣ ዝም ማለት አቅቶኝ። ለበጎቹ ነው የምሰጣቸው አለ። ሰሞኑን ያሻሻጣቸው በጎች ፊታቸው የወዛው ለካ በእሷ አምባሻ ነው።

ሠርካለም አጠገቡ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች። ብትነግረኝ እኮ አለስልሼ እጋግረው ነበር አለችው፣ ቀስ ብላ። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝና ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ይኼኔ እታለም መጣች። ሳይጠራት፣ ሳይጠይቃት፣ ብርጭቆው ውስጥ ሟሙቶ የቀረውን ብስኩት የሚያወጣበት ማንኪያ አቀበለችው። «ጥርሱን እንዳያስቸግረው ብዬ ነው» አለች፣ ተመልሳም ወደ እቃዋ ሄደች።

ሠርካለም ማንኪያዋን አየቻት። ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ከእኔ ደብቀህ ለእሷ ነገርካት?»

ደሞዝ ሻዩን አማሰለ።

«እኔ ምንም አልነገርኳትም» አለ። «ስስቅ ድዴን አይታው ነው።»