ካሬ ስክሪን ያለው ሙሽራ

ድሮ ታክሲ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ለእጅ ጌም ኮምፒውተር ካሬ ስክሪን ይሻላል፣ የለም ሰፊው ይሻላል እያሉ ሲሟገቱ ሰምቼ ነበር፤ ማን እንደረታ ትዝ አይለኝም። አሁን ያው ክርክር ሽምግልና አስቀምጦኛል። ዛሬ የየቤቱ መብራት የሚታዘዘው ለአባወራው የእጅ ጌም ብቻ ነዋ።

«የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል» አልኳቸው የሙሽሪትን አባት ጋሽ አስረስን።

«ዘሩን ተወው። ስክሪኑስ?»

«ካሬ ነው። ሲስተሙም ከእናንተ ሰፊ ስክሪን ጋር አይግባባም።»

«እንግዲያው ሶስናን አልሰጥም። ልጄ ባሏ በወጣ ቁጥር ጨለማ ልትቀመጥ ነው?»

«ልጁ ቤቱን ለሁለቱም ሲስተም ከፍቷል። ቤት ሲከፈት የተቀመጠ ጨዋታ ስለሚሰረዝ፣ ለዚያ ሲል የዓመታት ጨዋታው ሁሉ ጠፍቶበታል።»

ጋሽ አስረስ በእጃቸው የያዙትን ሰፊ ስክሪን በጋቢያቸው ሸፈኑት። ይሄኔ ሚስታቸው እትዬ ውብነሽ ጧፍ አብርተው ከጓዳ ወጡ።

«እኔም ባለ ካሬ ነኝ» አሉኝ። «የጓዳዬ መብራት እሱን ካልለመንኩ አይበራም፤ እሱ ደግሞ ጌም ላይ ከሆነ አይሰማም። ይሄን ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ነበር የገዛሁት።»

«መቶኛው ደረጃ ላይ ደርሻለሁ እኮ፣ ውቤ።»

«ጋሽ አስረስ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ቅዱስ ጴጥሮስ በመንግሥተ ሰማያት በር ላይ የጌም ደረጃ አይጠይቅም።»

ጋሽ አስረስ ጋቢያቸውን ከስክሪናቸው ላይ ገለጡ። በመጨረሻ ሶስናን ሊሰጡ፣ ቤቱን ለሚስታቸውም ሊከፍቱ፣ ጨዋታቸውን እዚያው ፊታችን ሊያጠፉ ተስማሙ፤ የጀመሩትን ዘንዶ እስኪገድሉ ብቻ እንድንታገሳቸው ለመኑን።