ሳትናገሪ አትወጪም

ሮና የፕላስቲክ ኩባያዋን አንጋጣ ጨለጠችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ቅዳሜ ደግሞ በኳሱ ጉድ ሆናችሁ አይደል?» አለቻት ፋርማሲስቷ ኤልስፔት።

ሜታዶን የጠጣ ሰው ሳይናገር ከዚህ አይወጣም። ከሄሮይን ለመላቀቅ ለሚታገሉ በየጠዋቱ የሚሰጠው ይህ አረንጓዴ ፈሳሽ ፋርማሲስቱ እያየ መዋጥ አለበት፤ አፉ ውስጥ ደብቆ ወጥቶ ለሌላ የሚሰጥ አይጠፋም። ኤልስፔት ግን «አፍሽን ክፈቺ» ብላ ሰው ማሳፈር ስለማይሆንላት በወሬ ታስለፈልፋቸዋለች። ሮናን ስለ ከተማው እግር ኳስ ቡድን ከነኳት ስድቧ ማለቂያ የለውም።

ዛሬ ግን ከንፈሯን እንደገጠመች ፈገግ ብቻ አለች።

«ውሃ ልስጥሽ?»

በእጇ አልፈልግም አለች።

«ኧረ ሴትዮ፣ ደም ግፊቴ እዚሁ ሊፈነዳ ነው!» አሉ ከኋላ ተራ የያዙ ሽማግሌ። «ወይ መድኃኒቴን ስጪኝ፣ ወይ ሬሳ ሳጥን እዘዢልኝ።»

«እርስዎ ሁላችንንም ሳይቀብሩ አይሞቱም። ትንሽ ይቀመጡ።»

ኤልስፔት ይህን ስትል ዓይኗ በመስኮቱ አሻግሮ ሄደ። ማዶ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር፣ የሮና ታናሽ ወንድም ኬኒ ጉልበቱን አቅፎ ይወዛወዛል። ከእስር ቤት የወጣው አርብ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እሱ አልተሳፈረም።

ኤልስፔት ባንኮኒውን ዞራ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አፍሽ ውስጥ የያዝሽው ለኬኒ ነው አይደል?» አለች፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የሮና ዓይኖች እንባ አቀረሩ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። አንቺ ስንት ዓመት ለምደሽዋል። የሱ ሰውነት ግን እስር ቤት እያለ ረስቶታል፤ ላንቺ የሚበቃው ለሱ መርዝ ነው። ይተኛና ቀስ እያለ ትንፋሹ ይቆማል። አጠገቡ ተቀምጠሽ እንኳ እፎይ ብሎ እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስልሽ።»

ሮና በሩን አየች። ኤልስፔት ቦታዋን አልለቀቀችም፤ አልነካቻትምም። ብትገፈትራት ማለፍ እንደምትችል ሁለቱም ያውቃሉ።

ሮና ዓይኗን ጨፈነች። ጉሮሮዋ አንዴ ከፍ ዝቅ አለ፤ ዋጠችው።

«ሌሊቱን ሲለምነኝ አደረ» አለች በሻከረ ድምፅ። «እግሬ ላይ ተጠምጥሞ። ጠዋት ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። አሁን ምን ብዬ ልውጣ?»

«ወደዚህ አምጪው። ክሊኒኩ ጋ እኔው እደውላለሁ፤ ዛሬውኑ እንዲያዩት እለምናቸዋለሁ።»

«አይመጣም፣ ኤልስፔት። ታውቂዋለሽ።»

ኤልስፔት ከበሩ ዞር አለችላት።

የከተማቸው የግሪኖክ ዝናብ እየወረደ ነው። ኬኒ እህቱ ስትወጣ ሲያይ ብድግ አለና፣ መኪና ይምጣ አይምጣ ሳያይ፣ ፊቱ በርቶ መንገዱን እየሮጠ ያቋርጥ ጀመር።