የተጣበቀው ፈረሰኛ

አማቶቿ በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ። ሙሽራዋ ያላትን ሙያ ሁሉ አሟጣ ዶሮዋን ስትበልት ቢላው አዳለጣትና ፈረሰኛው ተቆራረጠ። ከብልቱ ሁሉ ለይቶ ፈረሰኛው! ለባሏ አባት የሚወጣው እሱ ነው። የባሏ እናት ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በዶሮ አበላለት አገር የመሰከረላቸው ባለሙያ ናቸው፤ "ብልት አታውቅም" ካሉ አለቀላት።

ግን እሷም የዋዛ አይደለችም፤ የቋሊማ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ቁርጥራጭ ሥጋን አያይዞ አንድ ወጥ የሚያደርገውን የኢንዛይም ዱቄት ከቦርሳዋ አወጣች። ነሰነሰችበት፣ ገጣጠመችው፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደረችው። ጠዋት ፈረሰኛው ቢላ የነካው አይመስልም። ወጡ ውስጥ ሲንተከተክ እንኳ ፍንክች አላለም። ብቻዋን እየሳቀች ድስቱን አማሰለች።

ማዕድ ቀረበ። ወይዘሮ አስካለ ፈረሰኛውን በጭልፋ አገላብጠው አዩት፤ ደግመው አዩት።

"እሰይ፣ የባለሙያ ልጅ" አሉ።

ሙሽራዋ በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት።

አባትየው አቶ መንግሥቴ ግን አልጎረሱም። ፈረሰኛውን በጣታቸው እየደባበሱ ዙሪያውን አንድ ነገር ፈለጉ፤ አጡ።

"ልጄ፣ ክሩን ረሳሽው እንዴ?" አሉ ግራ ገብቷቸው። "አስካለ እኮ በነጭ ክር ሰፍታ ነው የምትሠራው። ያልተሰፋ ፈረሰኛ ነውር ነው ስትለኝ ነው የኖረችው።"