አዝራር የሌለው ቀሚስ

ሰዓት ሠሪው ቅናት ያዘው። በስልሳ ዓመቱ! ራሱም አፍሮበታል፤ ቢሆንም ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ትልና ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት እህቷ ራሷ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ «ያቺ ሴትዮ ምነው ጠፋች? ከክረምት ወዲህ ዓይኗን አላየሁትም እኮ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር ልብ ማለት ጀመረ። ተረከዝ ያለው ጫማዋን ትታ ዝቅ ያለ ገዝታለች፤ እየተጣደፈች የምትሄድበት ቦታ ቢኖራት ነው። የቀሚሶቿን አዝራር ሁሉ ነቅላ ዚፕ አድርጋበታለች፤ ዚፕ ለምን እንደሚመች ደግሞ የማያውቅ ልጅ አይደለም። ሻይ መቅዳት እንኳ ትታለች።

«እጅ የለህም? ራስህ ቅዳ» ትለዋለች።

ሠላሳ ዓመት ስትቀዳለት የኖረች ሴት!

የሚጠረጥረው ረጅሙን ነው፤ እሱም ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰፈር ይጠፋል። ረጅሙ የጦር ጓደኛው ነው፤ በወታደርነታቸው ዘመን አንድ ግምጃ ቤት ውስጥ የኬሚካል በርሜል ሲያራግፉ ኖረዋል። በርሜሎቹ ያፈሱ ነበር፤ ፈሳሹ ሱሪያቸው ላይ ደርቆ እንደ ካርቶን ይገተራል። ሌሎቹ ወንደላጤ ስለነበሩ ያንኑ ልብስ ሳምንቱን ሙሉ ይለብሱታል። ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ለብሶ የሚመጣው ባለትዳሩ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነበርና «ሙሽራው» ይሉት ነበር።

ከዚያ ቡድን ዛሬ ስንቱ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ረጅሙም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሰዓት ሠሪውን ግን ምንም አልነካውም፤ ዛሬም የሴት ሰዓት ብሎን በወረንጦ ለቅሞ ያነሳል። እንዲህ ያለውን ጤነኛ ባል ትታ ያንን! ይኼ ነበር ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው።

ማክሰኞ ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ረጅሙ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ደርሳ ክንዱን ያዘች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ!

ሁለቱ ቀስ እያሉ ሄደው የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙበት የነርቭ ክሊኒክ ገቡ። ሰዓት ሠሪው እፎይ አለ፤ ወዲያው ግን ባሰበት። ለእሱ ሻይ መቅዳት የከበዳት ሴት ለረጅሙ አስታማሚ ሆነችለት!

ደረጃውን ወጣ። የምርመራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማል።

«በርሜሎቹ ጋ ስንት ዓመት ሠሩ?»

ስድስት፣ አለ ሰዓት ሠሪው በልቡ። እሱና ረጅሙ እኩል ነው የሠሩት። ዘው ብሎ ሊገባና ጉዳቸውን ሊያፈላው እጁን በሩ ላይ አደረገ።

«እኔ እንኳ በርሜሉን በዓይኔም አላየሁት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የባሌን ልብስ በእጄ ሳጥብ ነው የኖርኩት» አለች ሚስቱ፤ «እባክዎ ዶክተር፣ እሱ እንዳይሰማ።»