መጽሐፉን አንብቢ

ልጅቷ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና የተማሩትን ልብ ወለድ መጽሐፍ ከጎኑ አስቀመጠች። "ቲቸር፣ ምዕራፍ አሥራ አራትን አንዴ ያዩልኛል?"

ሰዓቴን አየሁ። ውጤት ከተነገረ ወዲህ የመምህራን ክፍሉ ገበያ መስሏል፤ ሁሉም "ትንሽ ይጨምሩልኝ" ባይ ነው። ይህቺኛዋ አርባ ሰባት አግኝታለች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ካላለፈች ዓመቱን ልትደግም ነው። አራት ነጥብ በያዘው ጥያቄ ላይ "እናትየው ልጇ በር ድረስ ሄዳ ሳታንኳኳ ተመለሰች" ብላ ጽፋለች። እኔ ደግሞ በቀይ ሰርዤ "መጽሐፉን አንብቢ" ብዬባታለሁ።

"የኔ እመቤት፣ እናትና ልጅ ታርቀዋል። ማጠቃለያው ላይ አጽፌያችኋለሁ።"

"ማጠቃለያው ላይማ ታርቀዋል" አለች ቀስ ብላ። "መጽሐፉ ላይ ግን አጣሁት። ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር።"

መነጽሬን አደረግኩ። ሴትዮዋ ልታንኳኳ እጇን ታነሳለች፤ ከውስጥ የልጇን ሳቅ ትሰማለች፤ እጇን መልሳ ኪሷ ትከታለች። ከዚያ ደረጃውን ትወርዳለች። በቃ። ደግሜ አነበብኩት። እርቅ የሚባል ነገር ሽታውም የለም።

እውነቱን ልናገር። ኮሌጅ ሳለን መጽሐፉን ለሦስት ተካፈልነው፤ እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ምዕራፍ አንብበን፣ አሳጥረን ጽፈን ተለዋወጥን። ፈተናው ሲያልፍ የቀረውን አነብባለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ። አሥራ አራተኛው የደረሳት ጓደኛዬ እርቅ ነፍሷ ነው፤ እሷ ባለችበት ሁለት ሰው ተኳርፎ አያድርም። ማጠቃለያው ላይም ባልታረቁት እናትና ልጅ መሃል ገብታ አስታርቃቸዋለች። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን እርቅ ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ኖርኩ።

"ቲቸር፣ ታዲያ ለሚቀጥለው ፈተና የትኛውን ላጥና?" አለችኝ። የምሯን ነው።

"ምንድነው ነገሩ?" አለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ቀና ብሎ።

ምን ልበለው? ስልሳ ልጅ "ታረቁ" ብሎ ጽፎ አራት አራት ነጥቡን ወስዷል። ይታረም ቢባል ስንቱ ይወድቃል። ይህ ግን ሰበብ ነው። ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ "አንቺስ አላነበብሽውም እንዴ?" የሚለው።

"ምንም አይደል፣ የድምር ስህተት ነው" አልኩ። አርባ ሰባቱን ሰርዤ ሃምሳ አንድ ጻፍኩ።

ኃላፊው አላመነኝም መሰለኝ፣ ወደ ልጅቷ ዞረ። "እውነት ነው? ድምር ነው?"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። በዓይኔ ለመንኳት። የልጄ እኩያ ናት፤ ለመንኳት።

የተከፈተውን መጽሐፍ ቀስ ብላ ዘጋችው።

"አዎ ቲቸር፣ ድምር ነው" አለች፣ ክፍል ውስጥ ማጠቃለያ በቃላቸው ሳስወጣቸው ሁሉም በሚያነበንቡበት በዚያ በደረቀ ድምፅ።