የጎቨርዳን እንግዳ

በጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚዘጋጁ ወንዶች ብቻ የሚከራዩት ቤት ነበር። እዚያ ቤት ሰው የሚመዘነው ባጠራቀመው የድሮ የፈተና ወረቀት ነው። በዚህ ሚዛን ጎቨርዳንን የሚያህል አልተገኘም። የወረቀቱ ክምር አልጋውን ይዞበት፣ እሱ የሚተኛው በተረፈው ጠርዝ ላይ ተጣጥፎ ነበር።

ጎቨርዳን ጠጉሩ መሳሳት ጀምሯል። የቦይና የግድብ መሥሪያ ቤትን የጸሐፊነት ፈተና በየዓመቱ ይፈተናል፤ በየዓመቱም ይወድቃል። ያም ሆኖ የቤቱ ልጆች «ባያ» ይሉታል፤ ታላቅ ወንድም ማለታቸው ነው። የትኛው ጥያቄ መቼ እንደመጣ፣ የትኛውስ እስከ ዛሬ እንዳልመጣ ቢጠይቁት ቀና እንኳ ሳይል ይነግራቸዋል። ከፈተና ሲወጡ ሌላው ሲራገም እሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው።

«ጥያቄዎቹስ ግሩም ነበሩ። መልስ ነው ብለው የሚለጥፉት ነው ሰው የሚጥለው።»

አብሮት የሚኖረው ኡመሽ ለወረቀት ትዕግሥት አልነበረውም። እሱን ያጣደፈው ሠርግ ነው። የሚወዳት የሳሮጅ አባት ሱክዴቭ ጡብ አስጋግረው የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውም እንደ ጡባቸው ነው።

«ልጄን የምሰጠው የመንግሥት ደመወዝ ለሚበላ ነው» ብለውታል። «ይህን ፈተና ካለፍክ ሙሽራ ነህ። ከወደቅክ ለባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ እድራታለሁ። ሰውየው ሽማግሌ ልኮ እየጠበቀ ነው።»

ሳሮጅ በበኩሏ ስልክ ደወለች።

«ተቆጣጣሪው ሲያንኮራፋ ባቡር የደረሰ መስሏቸው ሰዎች ሻንጣ ያነሣሉ አሉ። ኡመሽ፣ በፈጠረህ አጥና!»

ጎቨርዳንም አንድ እሽግ ወረቀት ወረወረለት። «ከድሮው ጀምር።»

«ባያ፣ እርስዎ ሁሉንም ሠርተው የት ደረሱ?»

«አንተ ሳትሠራ የደረስክበት። እኔ ግን ቢያንስ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ፈተናው ሲቃረብ በየዓመቱ ናንድላል የሚባል እንግዳ ይመጣል። ናንድላል ዛሬ ኡመሽ በሚተኛበት አልጋ ላይ ድሮ ይተኛ ነበር። ጎቨርዳን አስጠናው፣ አለፈ፤ አሁን የዚያው መሥሪያ ቤት የፈተና ሹም ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። ያም ሆኖ ገና እንደገባ ጎንበስ ብሎ የጎቨርዳንን እግር ይነካል። ኡመሽን ሻይ ጠጣ ብለው ያስወጡታል፤ በሩ ይዘጋል። ሲገባ ባዶ የነበረው የናንድላል ቦርሳ ሲወጣ ተወጥሮ ይታያል።

ኡመሽ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ነገሩ ገባው። ገንዘብ በቦርሳ ይወጣል፤ ፈተና በኪስ ይገባል። ጎቨርዳን ወረቀቱን ለሌላ ይቸረችራል፤ ራሱ የሚወድቀው ደግሞ እንዳይጠረጠር ነው። የረቀቀ ሌባ ብሎ አደነቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሰጠውን የድሮ ወረቀት ምድጃ ማቀጣጠያ አደረገው። በዚያ እሳት ላይ ለጎቨርዳን ሊቲ ይጋግር ጀመር፤ የሽምብራ በሶ የተሞላ፣ ቅቤ ውስጥ የተነከረ ድቡልቡል ዳቦ። ሸሚዙን አጠበለት። ጫማውን ወለወለለት።

«ምን ነካህ አንተ?» አለው ጎቨርዳን አንድ ቀን እየገመጠ።

«አክብሮት ነው ባያ።»

«አክብሮት ይህን ያህል ቅቤ የለውም። ምን ፈለግህ?»

«የዘንድሮውን።»

«የዘንድሮውን ምን?»

«ይተዉ እንጂ ባያ! ናንድላል ሲመጣ ሲሄድ እኔ ዕውር ነኝ?»

ጎቨርዳን ሊቲውን አስቀመጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ለሰው ተናግረሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ከተናገርክ ናንድላል ከሥራው ይባረራል፤ እኔም እታሰራለሁ። ዝም በልና የሰጠሁህን ወረቀት ሥራ። ከእኔ የምታገኘው እሱን ብቻ ነው።»

ኡመሽ ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። በማግስቱ ሱክዴቭ ዘንድ ሄዶ የሠርጉን ቀን ይቁረጡ አላቸው።

«ፈተናው እጄ ገብቷል ማለት ይቻላል፣ አባቴ። ናንድላል ወረቀቱን ሲሰጠው በሩን በርግደን እንገባለን፤ ቅጂ ካልሰጣችሁን እናጋልጣለን እንላለን።»

ሱክዴቭ ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ ጡብ እንኳ የምቀበለው አንኳኩቼ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው። ይህንንም በጆሮዬ ልስማ።»

ናንድላል የመጣ ዕለት እሳቸውም የጣፋጭ ካርቶን ይዘው መጡ፤ ነገሩ እውነት ከሆነ እዚያው አጉርሰውት ሊያጩት። ኡመሽ ሻይ ሊጠጣ የወጣ መስሎ ተመለሰ። አማችና አማት በተዘጋው በር ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ።

ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

«ሰሙ?» አለ ኡመሽ በሹክሹክታ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ሳሮጅ ያንተ ናት» አሉ ሱክዴቭ፣ የካርቶኑን ክር እየፈቱ።

ኡመሽ የበሩን እጀታ ያዘ። ያን ጊዜ የናንድላል ድምፅ ተሰማ፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«ባያ፣ በእግርዎ ወድቄያለሁ፣ ይህን ትንሽ ቀለል አድርገው እንደገና ይጻፉልኝ፤ ራስዎ ባወጡት ፈተና ራስዎ ሲወድቁ በየዓመቱ ማየት አቃተኝ።»