ሐይቁ በተዘጋ ዕለት

ድስቴ ዓሣ ሲገባበት አልሞቅም ብሎ እንደ ተረገጠ ውሻ ይጮኻል። የሐዋሳ ሐይቅ የዓመቱ የዓሣ ኮታ ሲሞላ ሐይቁ ይዘጋል፤ የከተማው ድስትም ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ዘንድሮ ትልልቆቹ ጀልባዎች በዐሥራ አንድ ቀን ሞሉት። የእኔ ዓሣ የተያዘችው ጠዋት ነው፣ ሐይቁ የተዘጋው ቀትር ላይ። ድስቴ ግን ጠዋትና ቀትር አይለይም፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ መጮኽ ብቻ ያውቃል።

ባሌ ዱካሞ፣ አርባ ዓመት መረብ የጣለ ሰው፣ አራት ቀን እህል አልቀመሰም። «ዓሣ ብቻ» ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ጩኸቱን ሰምቶ ተቆጣጣሪው ኤፍሬም ከች አለ፤ በጀርባዬ ያሳደግኩት የጎረቤት ልጅ።

«እማማ፣ ድስትዎ ከሶዎታል።»

«አንተ ስንቴ ጀርባዬ ላይ ሸንተሃል፤ ከሰስኩህ?»

«ሕጉ ማብሰል ይከለክላላ!»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አነበበ፦ መቀቀል፣ መጥበስ፣ መጋገር። ወይ ጉድ! ይህን የጻፉት ሰዎች አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆመው ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ በልተው አያውቁም ማለት ነው።

ዓሣዋን ከድስቱ አውጥቼ በስሱ ከተፍኳት፤ ዳጣ ነካ አደረግኩባት። ዱካሞ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ራሴ አላምጬ በጣቴ አጎረስኩት፣ እንደ ሕፃን። ኤፍሬም ስልኩ ላይ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ፤ ስለ ማላመጥ የተጻፈ አጣ።

ሽማግሌዬ ዋጠ። ቆይቶ ፊቱን ከግድግዳው መለሰና፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳጣው አንሷል» አለኝ።